ለ10 ደቂቃ ሾው ፓሪስ ድረስ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ብቻ ቀንጭቤ አቅርቤዋለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው። ማርቆስ ከተማ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ሁለት የስፌት መኪናና አንዲት ረዳት አለችኝ። የሀበሻ ቀሚስ፣ የሚዜ ልብስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ማታ ማታ ግን ስልኬ ላይ የፓሪስ ፋሽን ዊክን ሳይ ነው የማመሸው። የአክስቴ ልጅ ፓሪስ ትኖራለች። ‹ነይና እኔ ጋ እረፊ፣ አብረን እናያለን› ትለኛለች። ለአራት ዓመት በዕቁብ ያጠራቀምኩት ብር አለኝ። እናቴ ‹በዚህ ብር የጥልፍ መኪና አትገዢም ወይ?› ትላለች። ጓደኞቼ ደግሞ ‹አንቺን ማን ሊያስገባሽ ነው? ታዋቂ ነሽ?› እያሉ ይስቁብኛል። ተራ ሰው መግባት ይችላል? ምን ለብሼ ልሂድ? ወይስ ብሬን ሜዳ ላይ መበተን ነው? እባክዎ እንደ እናት ሳይሆን እንደ እህት ይንገሩኝ። ባለመርፌዋ ነኝ።»

ባለመርፌዋ፣ እንደ እህት ነው ያልሽው? ጥሩ። እህት ደግሞ መራራውን አስቀድማ ነው የምትናገረው። ሾው ውስጥ አትገቢም።

ጓደኞችሽ ግን ምክንያቱን ስተውታል። ፋሽን ዊክ ትኬት ተቆርጦ የሚገባበት ኮንሰርት አይደለም። ነገሩ ገበያ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ሱቅ የሚገባውን ልብስ ለትልልቅ ሱቅ ገዢዎችና ለጋዜጠኞች የሚያሳዩበት የሥራ ሳምንት ነው። ወንበሩ ሁሉ ስም ተጽፎበታል። ጥሪውን የሚልከው እያንዳንዱ የፋሽን ቤት ራሱ ነው። ታዋቂዎቹም የሚጠሩት ፎቷቸው ልብስ ስለሚሸጥ ነው፤ እነሱም ሥራ ላይ ናቸው። የእኛ አገር ሠርግ እንዳይመስልሽ። እኛ ዘንድ የጥሪ ካርድ ባይደርስሽም ጎንበስ ብለሽ ዳሱ ውስጥ ከዘለቅሽ ጠላው ይቀዳልሻል። እዚያ ጎንበስ ብለሽም አትገቢም። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ጉዴን ኋላ እነግርሻለሁ።

አልፎ አልፎ በሩ ገርበብ የሚልበት ጊዜ አለ። የለንደን ፋሽን ዊክ በፈረንጆች መስከረም 2019 ለሕዝብ ትኬት ሸጦ ነበር፤ «ዓ.ም.» ካላልኩሽ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥርልሽ። ሎሬያል የሚባለው የመዋቢያ ኩባንያ በ2017 ፓሪስ ላይ መድረኩን ሻንዜሊዜ ጎዳና መሃል ዘርግቶ አላፊ አግዳሚው ቆሞ አይቷል። ሚላን ላይ ዲዝል የሚባለው የልብስ ብራንድ በ2022 ለተራ ሰው ነጻ ትኬት አድሏል። ልትሄጂ ስትይ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ፈልጊ። ለእሱ ብለሽ ግን ከአገር አትውጪ።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርሽ። ብዙ ነገር አልቀረብሽም። አንድ ሾው 10፣ ቢበዛ 15 ደቂቃ ነው። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው የሚጀምረው። አንዲት ሞዴል ፊትሽ የምታልፈው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ነው። ትልልቆቹ ቤቶች ደግሞ ሾዋቸውን በቀጥታ በኢንተርኔት ያስተላልፋሉ። አንቺ ማርቆስ ቁጭ ብለሽ፣ ኔትወርኩ ከፈቀደ፣ ማቆም ትችያለሽ። አንገትጌውን ታጎይዋለሽ። እጅጌው እንዴት እንደተገጠመ መላልሰሽ ታያለሽ። ፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ይህን አታገኝም። ስልኳን ከፍ አድርጋ ስትቀርጽ ልብሱ አልፏታል።

እና ሾውን ከማርቆስ እዪው። ፓሪስ የምትሄጂ ከሆነ ለሌላ ነገር ሂጂ።

አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ። ሞዴል ለብሳው እየሄደች የምታልፈው ልብስ ለሰፊ ብዙም አይጠቅማትም፤ የቆመ ልብስ ነው የሚጠቅማት። ቀረብ ብላ ስፌቱን የምትቆጥረው፣ ቢፈቀድላት ገልብጣ ሽፋኑን የምታየው። የቆመ ልብስ ደግሞ ፓሪስ ሞልቷል። በሩም ክፍት ነው።

እኔ ልቤ የቀረው ጋለሪ ዲዮር ነው። አቬኑ ሞንታኝ የሚባል ጎዳና 30 ቁጥር ላይ በ2022 የተከፈተ ኤግዚቢሽን ነው። ታዋቂው ዲዛይነር ክርስቲያን ዲዮር የፋሽን ቤቱን የከፈተበት ያው ሕንፃ ነው። ቀሚሶቹ ያምራሉ፤ እሱን ማንም ይነግርሻል። እኔ የቆምኩት ግን ነጩ ክፍል ውስጥ ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ ነጭ በነጭ የሆነ ልብስ ተሰቅሏል። ቱዋል ይሉታል። ውድ ጨርቅ ላይ መቀስ ከማሳረፋቸው በፊት በነጭ ጥጥ ጨርቅ የሚሰፉት መሞከሪያ ነው። እንግዲህ በእኛ ቋንቋ አቡጀዴ በይው። በብዕር መስመር የተሰመረበት፣ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ፣ እዚህ ጋ ጠበበ እዚያ ጋ ሰፋ የተባለበት አቡጀዴ። በዓለም ላይ በጣም ውድ የሚባለው ቀሚስ መጀመሪያ አቡጀዴ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የሙሽራ ቀሚስ ሲታዘዝሽ በአቡጀዴ ትሞክሪያለሽ? ወይስ በቀጥታ ጨርቁ ላይ ነው የምትቆርጪው? እኔ የማውቃቸው ሰፊዎች አብዛኞቹ በቀጥታ ነው የሚቆርጡት፤ «ጊዜ የለም» ይላሉ። የሰው ጨርቅ አበላሽተሽ ከኪስሽ የከፈልሽበት ቀን ካለ፣ ያ ክፍል ብቻውን የመግቢያውን ዋጋ ይመልስልሻል።

ሌላው ኢቭ ሳን ሎራን የተባለው ዲዛይነር ሙዚየም ነው። አቬኑ ማርሶ 5 ቁጥር። በ2017 ነው የተከፈተው። ሰውዬው የሠራበት ክፍል ጠረጴዛው፣ ጨርቁ፣ መስታወቱ እንዳለ ተቀምጧል። ቤቱን ስታዪው ስፌት ቤት ነው። ከአንቺው ቤት የሚለየው ወለሉ ንጹሕ መሆኑ ብቻ ነው። ከእነዚህ ሌላ የከተማዋ የፋሽን ሙዚየም ፓሌ ጋልየራ አለ። ሉቭር አጠገብ ደግሞ የጌጣጌጥ ጥበባት ሙዚየም። አንድ ነገር ግን ልብ በይ። የድሮ ልብስ ብርሃን ይጎዳዋል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ አያሳዩትም፤ እያወረዱ ይለውጡታል። በአንዱ ኤግዚቢሽንና በሌላው መሃል የሚዘጋበት ጊዜ አለ። የአክስትሽ ልጅ ከመሄዳችሁ በፊት ክፍት መሆኑን ታረጋግጥ።

«ኦት ኩቱር» የሚለውን ቃል፣ ለአንድ ሰው በልክ የሚሠራውን ውድ ስፌት ማለታቸው ነው፣ ስልክሽ ላይ ሳትሰሚው አትቀሪም። ሰው በጣም የራቀ ነገር ያደርገዋል። ታሪኩ የሚጀምረው ቻርልስ ፍሬድሪክ ወርዝ ከሚባል እንግሊዛዊ ነው። በ1858 ፓሪስ ላይ ቤት ከፈተ። ልብሱን በሕይወት ባለ ሰው ላይ አልብሶ ለደንበኛ ማሳየትን ያስለመደው እሱ ነው ይባላል። ዛሬ «ኦት ኩቱር» የሚለው ስም በፈረንሳይ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ከ1945 ጀምሮ። ማንም ተነስቶ «እኔ ኦት ኩቱር ነኝ» ማለት አይችልም። ፓሪስ ውስጥ ቢያንስ 15 ቋሚ ሠራተኛ ያለው ስፌት ቤት ይጠየቃል። ልብሱ ለአንዲት ደንበኛ፣ በእሷው ልክ፣ አስለክቶ አስተካክሎ መሠራት አለበት።

ለአንዲት ደንበኛ፣ በእሷው ልክ! አንቺ ለፋሲካ ከቢቸና የመጣች ሴትዮ ልክ ወስደሽ፣ አስለክተሽ፣ ወገቡን አጥብበሽ ስትሰጪ ምን እየሠራሽ ነው? ያንኑ ነው። እነሱ ጋ በልክ ማሰፋት የጥቂት ሀብታሞች ነገር ሆኗል፤ ሌላው የሚለብሰው ከሱቅ ነው። እኛ ጋ ገበሬውም በልኩ ያሰፋል። ልዩነቱ የሚፈጀው ሰዓት ነው። እነሱ ለአንድ ቀሚስ በመቶ የሚቆጠር ሰዓት ያጠፋሉ። አንቺ «ለነገ ድረሽልኝ» ትባያለሽ። ይህን ስልሽ ላሞካሽሽ ብዬ እንዳይመስልሽ። ስታዪ እንደ እንግዳ አፍሽን ከፍተሽ ሳይሆን እንደ ባለሙያ እንድታዪ ብዬ ነው። ማስታወሻ ደብተር ያዢ። ዚፑ የት ተደበቀ? ጠርዙ በእጅ ነው በመኪና? ክብደቱን ምን ተሸከመው?

ሙዚየም በቃሽ? ጨርቅ እንሂድ። ሞንማርትር ከሚባለው ኮረብታ ሥር፣ ነጩ የሳክሬ ከር ቤተ ክርስቲያን ግርጌ፣ ማርሼ ሳን ፒየር የሚባል የጨርቅ ሰፈር አለ። ፎቅ በፎቅ ጨርቅ። ዙሪያውን ያሉት ሱቆች ደግሞ ቁርጥራጭ ይሸጣሉ። ቁርጥራጭ ስልሽ ብጣሽ አይደለም፤ ተቆርጦ የተጠቀለለ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሜትር የሆነ ጨርቅ ነው። ለአንድ ቀሚስ ይበቃል። ሊኖ፣ ሐር፣ ሱፍ። እዚያ ግማሽ ቀን ካላጠፋሽ ሰፊ አይደለሽም ማለት ነው። ከዚያ ወርደሽ ሻቶ ሩዥ ወደሚባለው ሰፈር በእግርሽ ሂጂ። የምዕራብ አፍሪካ ሰፊዎች መኪናቸውን በር ላይ አውጥተው ሲሰፉ ታያለሽ። እኔ ያኔ ቋንቋ ሳልችል አንዱ ጋ ቆሜ እጁን ሳይ ቆየሁ። ቀና ብሎ ሳቀና ወንበር ሰጠኝ። ፓሪስ ውስጥ «ተቀመጪ» ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ጓደኞችሽ የማያውቁትን አንድ በር ላሳይሽ። ንግድ ፈቃድ አለሽ አይደል? እንግዲያው በአንድ መንገድ ተራ ሰው አይደለሽም። ፓሪስ ላይ ፕሪሚየር ቪዥን የሚባል ትልቅ የጨርቅ አውደ ርዕይ አለ። በፈረንጆች የካቲትና መስከረም ላይ ይደረጋል። ለሕዝብ ዝግ ነው፤ ለሙያተኛ ግን ክፍት ነው። ሙያተኛ መሆንሽን በወረቀት አሳይተሽ በኢንተርኔት ትመዘገቢያለሽ። ጨርቅ የሚያመርቱት ፋብሪካዎች ራሳቸው ናሙና ዘርግተው ይቀመጣሉ። መንካት ይፈቀዳል። ለስፌት ሰው ከሾው ይልቅ ይህ ነው ፋሽን ዊክ። ቀኑ ግን ከሾዎቹ ሳምንት ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ብዙ ጊዜ ይቀድማል። አንዱን መምረጥ ካለብሽ እኔ ጨርቁን እመርጥልሻለሁ።

ይህን ሁሉ ብዬሽም በር ላይ መቆምሽ እንደማይቀር አውቃለሁ። ቁሚ! ደስ ይላል። በዚያ ሰሞን የቱይልሪ አትክልት ቦታ፣ ፓሌ ደ ቶክዮና ግራን ፓሌ የሚባሉት የኤግዚቢሽን ሕንፃዎች አካባቢ ሰው ግጥም ይላል። ከውስጡ ሾው የውጩ ይበልጣል። አንዱ በስድስት ቀለም ይመጣል፤ አንዷ ኮፍያዋ እንደ ዣንጥላ ነው። ፎቶ አንሺዎች አስፋልት ላይ ይሯሯጣሉ። እኔ የታወሰኝ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ ነው። ፈረሱን አሸልሞ የመጣው ሁሉ ሜዳው ላይ ከመውጣቱ በፊት ዳር ዳር እየዞረ የሚታይበት ሰዓት አለ አይደል? ያችን ሰዓት በያት። እንጅባራ ላይ ግን ማንም በር አይዘጋብሽም።

እና የእኔ ጉድ። ወንድሜን ልጠይቅ በመስቀል ሰሞን ሄጄ ነው። ቱይልሪ በር ላይ ቆሜ ሳንጋጥጥ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ቀረበኝ። አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሏል። «መግቢያ አለኝ፣ 60 ዩሮ» አለኝ። ወንድሜ ሥራ ላይ ነበር፤ ቢኖር ይቆጣኝ ነበር። ከፈልኩ። የሰጠኝ ወፍራም የሚያብረቀርቅ ወረቀት ነው። ደረቴን ነፍቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ጥበቃው ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ከዚያ ፈገግ ብሎ ጀርባውን አሳየኝ። የሽቶ ሱቅ ማስታወቂያ ነበር። ሰውዬውን ዞሬ ብፈልገው የለም። በዚያ 60 ዩሮ ስንት ሜትር ሊኖ እገዛ ነበር! አንቺም ብትሄጂ በር ላይ ትኬት የሚሸጥልሽ ሰው ሌባ መሆኑን እወቂው። የማይሸጥ ነገር ነው የሚሸጥልሽ።

ምን ልልበስ ላልሽው። የራስሽን ሥራ ልበሺ። ከስልክሽ ላይ አይተሽ የእነሱን እንዳትገለብጪ። እነሱ ያንን ሲያዩ ነው የኖሩት። በፈትል የተሠራ፣ ጥለቱ ጎልቶ የማይጮህ፣ ቆረጥ ያለ ቀሚስ ወይም ኮት ስፊ። የእጅ ሽመና እዚያ ዓይን ይስባል፤ ሰው ቆም ብሎ ይነካዋል። የራሳችን ልጅ ሞዴሏ ሊያ ከበደ በ2007 ለምለም የተባለውን ብራንድ ያቋቋመችው በኢትዮጵያ ሸማኔዎች ሥራ ላይ ነው፤ ፈረንጅ ገዝቶታል። ደግሞ ፓሪስን በአገር ልብስ ለማየት የመጀመሪያዋ የጎጃም ሰው አትሆኚም። በእኛ በ1916 ዓ.ም. የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከራስ ተፈሪ ጋር ፓሪስ ሲገቡ ከነካባቸው ነው የገቡት። ፎቶ አንሺዎቹ ያኔም ተሯሩጠዋል።

ጫማ ግን ጠፍጣፋ። ጠፍጣፋ! እኔ ታኮ አድርጌ ወጥቼ ማታ በነጠላ ጫማ ነው የገባሁት። በቀን አሥር ኪሎ ሜትር መሄድሽ አይቀርም። ብርዱ ደግሞ የጮቄ ብርድ ባይሆንም ማለዳና ማታ ይቆነጥጣል፤ ካፊያም አለ። ጋቢሽን ይዘሽ ብትሄጂ አታፍሪበትም።

መቼ ልሂድ አላልሽም፤ ግን ዋናው ጥያቄ ይሄ ነበር። የሴቶች ሾው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ኒው ዮርክ ይጀምራል፤ ለንደን፣ ሚላን፣ ከዚያ ፓሪስ ይዘጋዋል። ፓሪስ ዘጠኝ ቀን ገደማ ይፈጃል። በእኛ አቆጣጠር አንዱ ከመስቀል ሰሞን ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ አካባቢ ነው። ሌላው የካቲት መጨረሻ፤ ሁዳዴ ስለሚሆን ምግቡን አስቢበት። ኦት ኩቱር ደግሞ ጥር ላይና ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ጥር ያምርሻል፤ እኔንም ያምረኛል። ግን ጥር የሠርግ ወር ነው። በጥር ሱቋን ዘግታ ፓሪስ የሄደች ሰፊ ስትመለስ ደንበኛ አታገኝም። ላንቺ የሚሆነው መስከረም ነው። ዩኒፎርሙን አስረክበሽ፣ የዘመን መለወጫውን ጨርሰሽ፣ እጅሽ ላይ ትንሽ ብር ይዘሽ። የሾዎቹ ሳምንት ሆቴል እሳት ነው፤ ዘመድ ያለሽ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ከቻልሽ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ላይ ድረሺና ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ቆዪ። ግርግሩንም ታያለሽ፣ ሙዚየሙንም በሰላም ታያለሽ።

ቪዛው ነው ከባዱ። እዚህ ላይ አላለዝብልሽም። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆች ሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ ደንቡን አጥብቋል። ለሌላው 15 ቀን የሆነው የውሳኔ ጊዜ ለእኛ 45 ቀን ሆኗል። ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቷል። ስለዚህ ለመስከረም መጨረሻ ከሆነ ሰኔ ላይ ማመልከት አለብሽ፤ ከስድስት ወር በፊት ግን አይቀበሉሽም። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ቢከለክሉሽ አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን ያስፈልጋል። ደንብ ይለዋወጣልና ከማመልከትሽ በፊት አረጋግጪ።

የአክስትሽ ልጅ «እኔ ጋ እረፊ» ስላለች ብቻ አይበቃም። ከምትኖርበት ማዘጋጃ ቤት የእንግዳ መቀበያ ማረጋገጫ ማውጣት አለባት። ዋናውን ወረቀት ትልክልሻለች። ይህ ካለሽ ፈረንሳይ የምትጠይቅሽ የኪስ ገንዘብ በቀን 32.50 ዩሮ ነው። ማረጋገጫውም የሆቴል ቦታም ካልያዝሽ በቀን 120 ዩሮ ነው። ልዩነቱን እዪው። መጀመሪያ እሷን ይህን ጠይቂያት። ካመነታች ግብዣው የአፍ ነው ማለት ነው፤ አትቀየሚያት፣ ብቻ እወቂው።

የዕቁቡ ብር ደግሞ። ዕቁብ ለእኛ ባንክ ነው፤ ለኤምባሲ ግን አይታይም። ዕቁቡ ደርሶሽ ያን ሁሉ ብር በአንድ ቀን ባንክ ብታስገቢና በሳምንቱ ስቴትመንት ብታወጪ «ከየት መጣ?» ይሉሻል። የተበደርሽው ይመስላቸዋል። ከዛሬ ጀምረሽ የሱቁን ገቢ በባንክ አዘዋውሪ። የዕቁቡን ወረቀት አስጽፊ። ንግድ ፈቃድሽን፣ የግብር ክሊራንስሽን፣ የሱቅ ኪራይ ውልሽን አዘጋጂ። እነሱ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ይቺ ልጅ ለምን ትመለሳለች? መልሱ ያ ሱቅ ነው።

ደላላ ይመጣብሻል። «የፋሽን ዊክ ጥሪ ወረቀት አሠራልሻለሁ፣ ዲዛይነር ነኝ በያቸው» ይልሻል። እንዳትሞክሪው። ቱሪስት ነኝ፣ ሰፊ ነኝ፣ ሙዚየምና ጨርቅ ላይ ነው የምሄደው ብለሽ አመልክቺ። እውነቱ ከበቂ በላይ ጥሩ ነው። ቪዛው ሳይወጣ የአውሮፕላን ትኬት አትግዢ፤ ቦታ መያዝ ብቻ ይበቃል።

እናትሽ ጋ ደረስን። ብሩ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ መኪናውን ግዢ። ይከፋሽ ይሆናል፤ ግን ስሚኝ። መኪናው ካለ በሚቀጥለው ዓመት ሱቅሽ ይሰፋል። የባንክ ወረቀትሽ ይወፍራል። ቪዛ ሰጪው ፊት የምትቀርቢውም ሌላ ሰው ሆነሽ ነው። ዘንድሮ ሄደሽ ቢከለክሉሽ መኪናም የለ፣ ፓሪስም የለ። ብሩ ለሁለቱም ከበቃ ደግሞ ከማንም ጋር አትማከሪ። ሂጂ። አበድሮ የሚልክሽ ካለ ግን እንቢ በይ።

እስከዚያው ዝም ብለሽ አትቀመጪ። አዲስ አበባ ላይ ሃብ ኦፍ አፍሪካ ፋሽን ዊክ አለ፤ ቪዛ የማይጠይቅ። ሲደረግ ጠብቀሽ ግቢ። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ ባህር ዳር ለሥራ ስትሄጂ ጎራ በይና ተማሪዎቹ የሚያሳዩበት ቀን መኖሩን ጠይቂ። ሌጎስም ከ2011 ጀምሮ፣ ዳካርም ከ2002 ጀምሮ የራሳቸው ሳምንት አላቸው። እኔ እንዲያውም ከፓሪስ በፊት ሌጎስን ባየው ደስ ይለኝ ነበር። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።

አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽና ላብቃ። የሚቀጥለው የሙሽራ ቀሚስ ሲታዘዝሽ ሦስት ሜትር አቡጀዴ ግዢ። በእሱ ሞክሪው። የቱ ጋ እንደተጨማደደ በብዕር አስምሪበት። አቡጀዴውን አትጣይው፤ ግድግዳሽ ላይ ስቀይው። ሲሞላ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።

የሳን ፒየር ቀን ሲደርስ ደግሞ ለእኔ አንድ ቁርጥ ሊኖ። ቀለሙ ውሃ ሰማያዊ ይሁን፤ ብሩን አስቀድሜ እልክልሻለሁ።